ብረት ከገባ በኋላ ለሚያመረቅዝ አጥንት፦ በሐዋሳ ያገኘነው ሕክምና ግምገማ

ታናሽ ወንድሜ በሐዋሳ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል የአጥንት ሕክምና ማዕከል ከጥር እስከ ነሐሴ ታክሟል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከማዕከሉ አገልግሎቶች አንዱን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ለተሰበረ አጥንት ብረት ከገባ በኋላ ለሚያመረቅዝ ቁስል የሚደረገው ምርመራ፣ ቀዶ ሕክምና እና ክትትል ነው። ከምስጋናው ጎን ጉድለቶችንም ስለምዘረዝር የማዕከሉንም ሆነ ከዚያ በፊት የታከምንበትን ሆስፒታል ስም አልጠቅስም። ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው በየትኛውም ቦታ ቢታከም ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ግን ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ እኛ ይህን ሳናውቅ ያባከንናቸው ሳምንታት ወንድሜን ብዙ አስከፍለውታልና።

አደጋው የደረሰው በጥቅምት ወር ነበር። ወንድሜ ከጥቁር ውኃ በኩል በሞተር ሳይክል ወደ ቤት ሲመለስ ከባጃጅ ጋር ተጋጭቶ የግራ እግሩ ቅልጥም ተሰበረ፤ አጥንቱም ቆዳውን ቀዶ ወጣ። በሌላ ሆስፒታል በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ታጥቦ ፕሌት (አጥንቱን የሚያጸና ጠፍጣፋ ብረት) እና ስክሪው (ብሎን) ገባለት፤ እኛም ዋናው ነገር አለፈ ብለን አመስግነን ወደ ቤት ተመለስን። በአራተኛው ሳምንት ከስፌቱ ታችኛው ጫፍ ቢጫ ፈሳሽ መውጣት ጀመረ። በሰፈራችን ባለ ክሊኒክ በየሁለት ቀኑ ቁስሉ እየታጠበ ይታሸግ ነበር፤ ከመድኃኒት ቤትም ሦስት ጊዜ የተለያየ አንቲባዮቲክ ተሰጠን። ክኒኑን ሲጀምር ቁስሉ ይደርቃል፣ ክኒኑ ባለቀ በሳምንቱ እንደገና መግል ያወጣል። «ላይ ላዩን ነው፤ ይደርቃል» የሚል ቃል በተደጋጋሚ ሰማን። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ማንም አዲስ ራጅ አላዘዘም፤ እኛም እንዲታዘዝልን አልጠየቅንም።

ወደ ማዕከሉ የሄድነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ እናቱን እዚያ አሳክሞ ስለነበር ነው። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ከአንድ ሰዓት የማያንስ ጊዜ የወሰደ ሲሆን፣ የአገልግሎቱ ጥራት የታየኝም ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ከመግለጡ በፊት ጠየቀን፦ አደጋው ከደረሰ በስንት ሰዓት የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በመርፌ ተሰጠው? ቁስሉ አፈር ነክቶት ነበር? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስፌቱ ለስንት ቀን እርጥብ ሆኖ ቆየ? ሲጋራ ያጨሳል? ስኳር አለበት? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ክፍት ስብራት (ቆዳው የተቀደደበት ስብራት) የደረሰበት ሰው የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ከተቻለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማግኘት እንዳለበት ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ጉስቲሎ እና አንደርሰን የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ 1025 ክፍት ስብራቶች ባሳተሙት ጽሑፍ ያስተዋወቁት የክፍት ስብራት ደረጃ ዛሬም በሥራ ላይ እንደሆነ፣ የወንድሜ ስብራትም በዚያ መለኪያ ሁለተኛው ደረጃ ላይ እንደነበረ ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳን። ቆዳ ባልተከፈተበት ቀላል ስብራት ላይ ብረት ሲገባ ኢንፌክሽን የሚይዘው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ገደማ ሲሆን፣ በከባዱ ክፍት ስብራት ግን እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር ተናገረ፤ በእጃችን ያለውን ክኒን እንድናቆም አዘዘ። እናቴ ደነገጠች።

«ዶክተር፣ እኛ መድኃኒት ፍለጋ መጥተን እርስዎ ያለውንም ያስጥሉናል እንዴ?»

«እናቴ፣ ልጅዎ ትኩሳት የለውም፤ ሰውነቱም አልተዳከመም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት መታገሥ እንችላለን። ክኒኑን እየዋጠ ናሙና ብወስድ ጀርሙ ተደብቆ ምንም የለም የሚል ውጤት ይመጣልኛል። ትኩሳት ከጀመረው ወይም እግሩ ከቀላና ካበጠ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይምጡ፤ ያን ጊዜ አንጠብቅም።»

የእጅ ስልኩን ቁጥር በካርዱ ጀርባ ላይ ጻፈልን። ይህን ማዕከል ለሌላ ሰው የምጠቁምበት ዋናው ምክንያት ይህ ውሳኔ ነው። ከዚያ በፊት የሄድንባቸው ሁሉ መድኃኒት ሰጡን፤ እዚህ ግን መጀመሪያ ጀርሙን ለማወቅ ፈለጉ።

ክኒኑ ለምን ቁስሉን ለጊዜው እያደረቀ ሊያድነው እንዳልቻለም ሐኪሙ አስረዳን። ጀርሙ ብረት ላይ ሲያርፍ ባዮፊልም የሚባል ሽፋን ሠርቶ በውስጡ ይኖራል፤ በሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን አዳላጭ ነገር የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ውኃ ቢፈስበት አይለቅም፤ የሚለቀው በእጅ ሲፈገፈግ ወይም ድንጋዩ ራሱ ሲነሣ ነው። በደም በኩል የሚሄደው መድኃኒት በዙሪያው የሚዋኘውን ጀርም ሲገድል መግሉ ይቀንሳል፤ በሽፋኑ ውስጥ የተሸሸገው ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንደገና ይወጣል። ደም የማይደርሰው የሞተ የአጥንት ቁራጭ ካለም እንዲሁ መሸሸጊያ ይሆነዋል።

ኢንፌክሽኑ በእርግጥ አጥንቱ ወይም ብረቱ ጋር የደረሰ መሆኑን እንዴት እንደሚለዩም ነገሩን። በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ባወጣው የጋራ ትርጓሜ መሠረት፣ እስከ አጥንቱ ወይም እስከ ብረቱ የሚዘልቅ ቀዳዳ መኖሩ፣ ከቁስሉ መግል መውጣቱ፣ ወይም በተለያዩ ሁለት ጥልቅ ናሙናዎች ውስጥ አንድ ዓይነት ጀርም መገኘቱ እያንዳንዱ ለብቻው ጥርጣሬን የሚያስቀር ማረጋገጫ ነው። መቅላት፣ ማበጥ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ስፌቱ ሳይደርቅ መቆየቱ፣ እንዲሁም በደም ምርመራ የሰውነትን መቆጣት የሚያሳዩት ሲአርፒ እና ኢኤስአር የተባሉት መለኪያዎች ከፍ ማለታቸው ጥርጣሬን የሚያጠናክሩ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሙሉ «ላይ ላዩን ነው» የተባልንበት የወንድሜ ቁስል በመጀመሪያው መስፈርት ብቻ ሊታወቅ ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ቁጭት ዛሬም አልረሳሁትም።

ብረቱ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ቤተሰባችንን ለሁለት ከፍሎ ነበር። አባቴ «ብረቱ ነው ያመረቀዘው፤ ይውጣ» ሲል፣ እኔ ደግሞ አጥንቱ ሳይገጥም ብረቱ ከወጣ እግሩ ይጎብጣል ብዬ እፈራ ነበር። ሐኪሙ ሁለታችንም በከፊል ልክ መሆናችንን ነግሮን ውሳኔው በምን ላይ እንደሚመሠረት አስረዳን። ኢንፌክሽኑ ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ካለፉ፣ ብረቱም አጥንቱን አጥብቆ ከያዘ፣ ቁስሉ ተከፍቶና ተፍቆ በደንብ ከታጠበ በኋላ ብረቱን አጥንቱ እስኪገጥም ማቆየት ይቻላል፤ እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ እስከ 12 ሳምንት ይወሰዳል፣ ብረቱም በኋላ ይወጣል። የሚነቃነቅ አጥንት ግን ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል፤ የላላ ብረትም አጥንቱን አልያዘውም፣ ለጀርሙ ደግሞ መኖሪያ ሆኖታል፤ ስለዚህ ይወጣል። ስብራቱ ካልገጠመ ግን በምትኩ ሌላ ማጽኛ ሳይደረግ ብረት አይወጣም። የወንድሜ ራጅ ሲወሰድ በሦስት ስክሪዎች ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ታየ፤ አጥንቱ ከስክሪዎቹ መራቁን የሚያሳይ ምልክት ነው። ስብራቱም አልገጠመም ነበር። ፕሌቱ እንዲወጣና እግሩ ከውጭ በሚታሰር ብረት እንዲጸና ተወሰነ። ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ስላሳየን አባቴም እኔም ስንወጣ አንድ ሐሳብ ይዘን ወጣን።

ቀዶ ሕክምናው በጥር መጨረሻ ተደረገ። ከቀዳዳው አፍ በጥጥ ከሚወሰድ ናሙና የሚገኘው ብዙ ጊዜ የቆዳ ላይ ጀርም ስለሆነ፣ ከውስጥ ከአጥንቱና ከብረቱ አጠገብ አምስት ናሙናዎች ተወሰዱ፤ ለእያንዳንዱም ያልተነካ መሣሪያና የተለየ ዕቃ ጥቅም ላይ ዋለ። ከዚህ በፊት በሌላ ላቦራቶሪ ከቁስሉ አፍ ተወስዶ የተሰጠን ውጤት ከአሁኑ ጋር ፈጽሞ አልገጠመም፤ በዚያ ውጤት ላይ ተመሥርቶ የተሰጠን ክኒንም በከንቱ ነበር። አንቲባዮቲኩ በደም ሥር የተጀመረው ናሙናዎቹ ከተወሰዱ በኋላ እዚያው ማደንዘዣ ላይ እያለ ነው። የሞተው አጥንት ጤናማው አጥንት ደም እስኪያሳይ ድረስ ተፋቀ፤ ባዶ የቀረው ቦታም ጀንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ ጥራጥሬ ተሞላ። ጥራጥሬው መድኃኒቱን እዚያው ቦታ ላይ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ በስድስት ሳምንቱም በሌላ አጭር ቀዶ ሕክምና ወጥቶ ክፍተቱ ከወንድሜ ከራሱ ዳሌ በተወሰደ አጥንት ተተካ።

ከአምስቱ ናሙናዎች በአራቱ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘ፤ የአጥንት ስብራት ኢንፌክሽንን በብዛት የሚያመጣው ይኸው ጀርም ነው። ቀደም ሲል ከዋጣቸው ሦስት መድኃኒቶች ሁለቱን የሚቋቋም ሆኖ ተገኝቷል። የመጀመሪያው ውጤት በሦስተኛው ቀን፣ የመጨረሻው ደግሞ በአሥረኛው ቀን ደረሰን፤ ዘግይተው የሚያድጉ ጀርሞች እንዳይታለፉ ናሙናው ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እንዳለበት አስቀድመው ነግረውን ስለነበር መዘግየቱ አላስጨነቀንም። ሁለት ሳምንት በደም ሥር፣ የቀረውን በአፍ፣ በጠቅላላው ስድስት ሳምንት መድኃኒት ወሰደ።

አንድ ጎረቤታችን ለእንዲህ ዓይነቱ በሽታ ቀዩ ክኒን፣ ማለትም ሪፋምፒሲን፣ ፍቱን መሆኑን ሰምቶ እንድንገዛ አጥብቆ ይመክረን ነበር። ጠየቅን። መድኃኒቱ ብረቱ ሳይወጣ በሚቆይባቸው ሰዎች ላይ የስታፊሎኮከስን ባዮፊልም ለመዋጋት በእርግጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ጀርሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚለምደው ፈጽሞ ለብቻው አይሰጥም፣ ቁስሉ ገና እየፈሰሰ እያለም አይጀመርም። ከኤችአይቪ መድኃኒቶችና ከእርግዝና መከላከያ ክኒን ጋርም ይጋጫል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ምሰሶ የሆነን መድኃኒት ያለ ትእዛዝ መዋጥ ለአገርም ጉዳት ነው። የወንድሜ ብረት ስለወጣ አላስፈለገውም።

ስለ ነርሶቹ ሥራ ከሐኪሙ ባልተናነሰ ልናገር ይገባኛል። የቁስል ክፍሏ ኃላፊ ሲስተር የውጭው ብረት ቆዳውን የሚበሳባቸውን ቦታዎች እንዴት እንደማጸዳ ሦስት ቀን በተከታታይ አሳየችኝ፤ በአራተኛው ቀን «አሁን አንቺ ሥሪው፣ እኔ ቆሜ ልይሽ» አለችኝ። እጄን እስኪበቃ ሳልታጠብ ጓንት ላደርግ ስል አስቆመችኝ። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የተለየ ፋሻ፣ ከንጹሑ ጀምሮ ወደሚያፈስሰው መሄድ፣ ቅርፊቱን በኃይል አለመቅረፍ፣ በቆዳው ዙሪያ መቅላት ወይም አዲስ ሕመም ሲታይ ቀጠሮ አለመጠበቅ፤ ይህን ሁሉ በአማርኛ በጻፈችው ወረቀት ላይ ሰጠችኝ፤ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፈነው ኖረናል። የደም ስኳሩን ለኩት፤ ጤናማ ነበር። ሲጋራ የአጥንትን መግጠም እንደሚያዘገይና ኢንፌክሽንን እንደሚያበረታ በግልጽ ነገሩት፤ ወንድሜም በዚያው ሳምንት አቆመ። እንቁላል፣ ባቄላና ዓሣ እንዲያበዛ ስላዘዙት አባቴ በየቅዳሜው ጠዋት አሞራ ገደል እየወረደ ትኩስ ዓሣ ያመጣለት ነበር።

እናቴ በጠበል እንዲጠመቅ ትፈልግ ነበር፤ አክስታችን ደግሞ ወጌሻ እንዲያሸው ትወተውት ነበር። ይህን ለሐኪም መናገር የሚያሳፍር መስሎን ስንደብቅ ሲስተር ራሷ አንሥታ ጠየቀችን። ጠበሉን ቢጠጣ እንደማይከለከል፣ ቁስሉና የብረቱ ቀዳዳዎች ግን እንዳይነከሩ፣ መታሸቱ ደግሞ ገና ያልገጠመውን አጥንት የሚያናጋና ኢንፌክሽኑን የሚያዛምት ስለሆነ ፈጽሞ እንዳይሞከር አስረዳች። እናቴን «እማማ» እያለች፣ እምነቷን ሳትነካ ስለነገረቻት እናቴ ከዚያ በኋላ የወጌሻውን ነገር አላነሣችም።

ወደ ጉድለቶቹ ስንመጣ፣ ትልቁ የሕንፃው ነው። የቁስል ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን መብራት በጠፋ ቁጥር አሳንሰሩ ይቆማል፤ የተሰበረ እግር ለሚታከምበት ቦታ ይህ ይቅር የሚባል አይደለም። ወንድሜን ከአባቴ ጋር ሁለት ጊዜ በወንበር ተሸክመን አውጥተነዋል። አስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ ጽፌያለሁ፤ የቁስል ክፍሉን ወደ ምድር ቤት እናወርደዋለን የሚል መልስ ቢሰጠኝም እስከ ነሐሴ ድረስ አልወረደም።

ሁለተኛው የቀጠሮ አሰጣጣቸው ነው። ሁሉም ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ይቀጠርና በመጣበት ቅደም ተከተል ይስተናገዳል፤ ወንድሜ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ የጠበቀበት ቀን ጥቂት አይደለም። እሑድ የቁስል ክፍሉ ዝግ ነው። የመውጫ ማጠቃለያው በእንግሊዝኛና በማይነበብ የእጅ ጽሕፈት ስለተጻፈ የትኛው መድኃኒት መቼ እንደሚያበቃ ለማወቅ ተመልሼ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የሲስተሯን የአማርኛ ወረቀት ያየ ሰው ማዕከሉ ይህን ማሻሻል እንደማያቅተው ይረዳል። የጉልበትና የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴ የሚያሠለጥን ባለሙያ ስለሌላቸው ለዚያ ሌላ ቦታ ሄደናል። በውጤቱ መሠረት የታዘዘውን መርፌ ማዕከሉ ስላልነበረው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሻሸመኔ ድረስ ሄጄ ነው ያገኘሁት፤ ያን ቀን አንድ መርፌ ለሰዓታት ዘግይቷል።

ዋጋው ከባድ ነው። ካርድ፣ ራጅ፣ የደም ምርመራ፣ የናሙና ምርመራ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አልጋና የውጭው ብረት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይከፈላሉ፤ የቀዶ ሕክምናውም ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል። ጠቅላላ ግምቱን አስቀድመው በጽሑፍ አይሰጡም፤ ጥራጥሬው የሚወጣበት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንዳለ ቢነግሩንም ስንት እንደሚያስወጣ የሰማነው በዋዜማው ነው። ያም ሆኖ የአምስቱ ናሙናዎች ምርመራ የፈጀው ገንዘብ በስድስቱ ሳምንታት ለማይሠሩ ክኒኖችና ለቁስል ማሸጊያ ካወጣነው ያነሰ ነበር።

ቀዳዳው በመጋቢት ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ አልፈሰሰም። ሲአርፒው ወደ ጤናማ መጠን ከወረደ አራት ወር አልፎታል። የውጭው ብረት በሐምሌ መጨረሻ ወጣ፤ አሁን በአንድ ምርኩዝ እየተደገፈ ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ ይሄዳል። ኢንፌክሽኑ ከወራት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት እንዳለበት ነግረውናል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ኅዳር ላይ ነው፣ ራጅና የደም ምርመራም ይደረግለታል።

ወደዚህም ሆነ ወደ ሌላ የአጥንት ሐኪም የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፣ የቀድሞ ራጆችን በሙሉ፣ እንዲሁም ከአደጋው ቀን ጀምሮ የዋጣቸውን መድኃኒቶች ስም ከነቀናቸው ጽፎ ይያዝ። እኛ የክኒኖቹን ማሸጊያ ጥለነው ስለነበር ስማቸውን ለማስታወስ በሦስት መድኃኒት ቤቶች እየዞርሁ ስጠይቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።